ለዛንዚባር ተጓዦች፦ የቅንጦቱን ቀን እንምረጥ

ሰላም ውድ አባላት። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ብሔራዊ ቴአትር በር ላይ እንገናኝና የዛንዚባሩን አንድ የቅንጦት ቀን እንወስን። ምርጫው ሁለት ነው። ወይ በጠዋት ጀልባ ይዘን ምኔምባ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት ሄደን፣ ኮራሉንና ዓሣውን እያየን እንዋኛለን። ወይ ደግሞ ዳው የሚባለውን ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ ለብቻችን ተከራይተን ፀሐይ ስትጠልቅ እናያለን። እኔ ለዳው ነኝ። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ሞተሩ ይጠፋል፤ የሚሰማው ውኃው ብቻ ነው። ደግሞ ዋና የማይችሉ እናቶች አሉን፤ ማንም ዳር ቆሞ እንዲቀር አልፈልግም።

ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይዛችሁ ኑ። ፓስፖርቱ ከ6 ወር በላይ የሚያገለግል ይሁን። ዛንዚባር የምትጠይቀው የ44 ዶላር ኢንሹራንስ ከመዋጮው ውጪ ነው፤ እንዳይረሳ።

እስከ ሐሙስ ማታ «ዳው» ወይም «ምኔምባ» ብላችሁ እዚሁ መልሱልኝ።