በካትቤልስ ኮረብታ ላይ ለደረሳችሁልኝ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው የኦገስት ወር የመጨረሻ ሰኞ፣ በእንግሊዝ ሕዝባዊ በዓል በሆነው ዕለት፣ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ባለው የሐይቆችና የተራሮች አካባቢ፣ በሌክ ዲስትሪክት፣ ካትቤልስ ኮረብታ ላይ ወድቄ እግሬ የተሰበረበትን አደጋ አብዛኞቻችሁ ስለሰማችሁ ዝርዝሩን አልደግመውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተሰበረው አጥንቴ እየገጠመ ነው፤ በምርኩዝም ቢሆን መራመድ ጀምሬአለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ስሟን እንዳልጠራ አጥብቃ የለመነችኝን እህቴን አመሰግናለሁ። በዓል በመጣ ቁጥር የአገሩ ሰው ወደ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ፣ ዘመድ የሌለን ሰዎች በራችንን ዘግተን እንደምንውል ስለምታውቅ፣ ከማንቸስተር ተነሥተን ኬዚክ ከተማ ድረስ እንድንሄድ፣ ከዚያም የደርወንትወተርን ሐይቅ በጀልባ ተሻግረን ኮረብታውን እንድንወጣ ያሰባሰበችን እርሷ ነበረች። ካትቤልስ ከፍታው 451 ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ጫፉ አጠገብ በእጅም ጭምር የሚወጣ ድንጋያማ ቦታ አለው፤ ስለዚህም ደከም ያልነውን ከፊት አድርጋ ስትወጣም ስትወርድም ከኋላችን ትከተል ነበር። በወደቅሁ ጊዜ ቀድማ የደረሰችልኝም እርሷው ናት።

እንዴት አድርጌ ላመስግናት? ጃኬቷን አውልቃ ከጀርባዬ በታች አነጠፈችልኝ፤ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲበረታ ጀርባዋን ሰጥታ ከለለችኝ። የጫማዬን ማሰሪያ ስታላላ እጆቿ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ወደ አስቸኳይ እርዳታ ቁጥሩ 999 ደውላ ፖሊስን፣ በፖሊስም በኩል የተራራ አዳኞችን ስትጠይቅ ግን ድምጿ የረጋ ነበር። ሆስፒታል ደርሰን «ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?» ሲሉኝ መናገር ቢያቅተኝ አፍ ሆነችልኝ። እናቴ ወሬውን ከሌላ ሰው ሰምታ እንዳትደነግጥ ቀድማ የደወለችላትም እርሷ ናት። እናቴ ዛሬም ስትደውል ከእኔ እግር በፊት «ያቺ ልጄ ደኅና ናት?» ብላ ትጠይቃለች። ይህን ስጽፍ ዕንባዬ ይቀድመኛል። እህቴ ሆይ፣ ያን ዕለት ስላወጣሽን እንዳትጸጸቺ፤ ጫፉ ላይ ቆመን ሐይቁንና ከማዶ ያለውን የስኪዶ ተራራ ያየንበት ሰዓት፣ ከደረሰብኝ ሁሉ በኋላም በስደት ካሳለፍኋቸው በዓላት ሁሉ የደመቀው ነው። ውለታሽን እኔ አልችለውም፤ እግዚአብሔር በልጆችሽ ይክፈልሽ።

በቃሬዛ ተሸክመው፣ በዚያ ጠባብ መንገድ እየተቀያየሩ ያወረዱኝ የተራራ አዳኝ ቡድን አባላት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች መሆናቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው። የራሳቸውን በዓል ትተው መጥተው አንዲት ሳንቲም እንኳ አልጠየቁኝም። ሥራቸው በአብዛኛው የሚቆመው ከሕዝብ በሚለገስ ገንዘብ ስለሆነ፣ በእነዚያ ኮረብታዎች የምትመላለሱ ወገኖቼ እንድታስቧቸው አደራ እላለሁ።

ሐኪሞቼንና ነርሶቼን፣ አብራችሁኝ የወጣችሁትን፣ በጸሎት ያሰባችሁኝን፣ በአካልም በስልክም የጠየቃችሁኝን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ስማችሁን ለይቼ ያላነሣሁ እጅግ ብዙዎች ናችሁና ቅር እንዳይላችሁ በትሕትና እለምናለሁ፤ በተለይም ቃሬዛው እስኪያልፍ መንገድ ለቅቃችሁ በሣሩ ላይ የቆማችሁልኝን፣ ስማችሁን ልጠይቅ ያልቻልሁትን መንገደኞች።

አክባሪያችሁ