መለዋወጫው ደርሶ መስመሩ ለምን ቆሞ ያድራል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ፋብሪካዎች ከአቅማቸው በታች የሚያመርቱበትን ምክንያት በተመለከተ ባወጣችሁት ጽሑፍ የመብራት መቆራረጥና የመለዋወጫ እጥረት በሰፊው ተነሥተዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ በጎንደርና በአካባቢዋ ባሉ ፋብሪካዎች በኤሌክትሪክ ጥገና ለዓመታት የሠራሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ መብራቱም ኖሮ መለዋወጫውም ተገኝቶ የማምረቻ መስመሩ ቆሞ የሚያድርበትን ሦስተኛ ምክንያት ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። ይህም ማሽኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ኔትወርክና መሣሪያዎች በኔትወርኩ ላይ አድራሻ የሚያገኙበት መንገድ ነው።

ያየሁትን ልናገር። ከመተማና ከሁመራ የሚመጣ ሰሊጥ በሚያበጥር አንድ ፋብሪካ፣ ሥራው በሚበረታበት በኅዳር ወር፣ የአንዱን ኮንቬየር ሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ተቃጠለ። ተመሳሳዩ በመጋዘን ስለነበረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀየርነው። ኢንቨርተሩ ግን በኔትወርኩ ላይ የሚጠራበትን ቁጥር የሚያገኘው ክዳኑ ሥር ከተደረደሩ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበር። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ ስለሚደመሩ፣ 23 ለመሙላት የ16ን፣ የ4ን፣ የ2ንና የ1ን በካቻቢቴ ጫፍ መግፋት ያስፈልጋል። በተቃጠለው ላይ የነበሩት ቀልጠው ስለነበር ቁጥሩን ከእነሱ ማንበብ አልተቻለም፤ በፓኔሉ በር ላይ የተለጠፈው ዝርዝርም በአቧራና በሙቀት ደብዝዞ 23 የነበረው 22 ተብሎ ተነበበ። 22 ደግሞ የጎረቤቱ ኢንቨርተር ቁጥር ነበር። ሁለት መሣሪያዎች በአንድ አድራሻ ሲመልሱ የመስመሩ ግንኙነት በሙሉ ተረበሸ፤ ጥፋቱ የት እንዳለ ለማወቅ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እየነቀልን ስንፈልግ፣ ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ሁለት ቀን በር ላይ ተሰልፈው ዋሉ፣ አደሩ።

ይህ ችግር በዘመናዊ ፋብሪካዎች መፍትሔ ካገኘ ቆይቷል። ፕሮፊኔትን በመሳሰሉ የፋብሪካ ኔትወርኮች ማሽኖቹን የሚያዝዘው ተቆጣጣሪ ኮምፒውተር፣ ፒ.ኤል.ሲ.፣ መሣሪያን የሚለየው በስሙ ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያም በኬብል ለተያያዘው ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነና በየትኛው የኔትወርክ ሶኬት እንደ ተሰካ በየጊዜው ያሳውቃል። ኤል.ኤል.ዲ.ፒ. የሚባለው ይህ የትውውቅ ደንብ በደረጃነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አንድ መሣሪያ ተበላሽቶ ተመሳሳዩ ከካርቶን ወጥቶ ሲሰካ፣ ተቆጣጣሪው በዚያ ሶኬት ላይ ስም የሌለው አዲስ መሣሪያ መምጣቱን ከጎረቤቶቹ ይረዳና የቀድሞውን ስም፣ አድራሻና የአሠራር ቅንብር ራሱ ይሰጠዋል። ላፕቶፕ አያስፈልግም፤ የፈረቃው ኤሌክትሪሺያን ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ቢሆን ብቻውን ይጨርሰዋል። ለአነስተኛ ሴንሰሮች አይ.ኦ. ሊንክ የተባለው ሥርዓት ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

ነገር ግን አዲስ ማሽን መግዛት ብቻውን ይህን ጥቅም አያስገኝም። ተቆጣጣሪው መሣሪያውን ከጎረቤቱ ለይቶ የሚያውቀው፣ የትኛው ሶኬት ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ በፕሮግራሙ ውስጥ አስቀድሞ ከተሞላለት ነው። ማሽኑን የሚተክለው ባለሙያ ለመጨረስ ሲቸኩል ይህን ክፍል ባዶ ትቶት ቢሄድ መስመሩ ያለ እንከን ይሠራል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው የመጀመሪያው መሣሪያ ሲቃጠል ነው፤ ያኔ ደግሞ ከውጭ መጥቶ የተከለው ባለሙያ አገር ውስጥ የለም።

እንደኛ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቢሮ ኮምፒውተሮች ዘንድ አድራሻ የሚያድለው ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. እንዳለ ወደ ፋብሪካ ሲገባ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ መሣሪያዎቹ ከአዳዩ ኮምፒውተር ቀድመው ሊነሡና አድራሻ የሚሰጣቸው ሊያጡ ይችላሉ። ስለዚህ አዳዩና የኔትወርክ ኬብሎች የሚገናኙባቸው ዋናዎቹ ስዊቾች በባትሪ የተደገፉ መሆን አለባቸው፤ አድራሻውም ለሶኬቱ ቢሰጥ ይሻላል፤ ማለትም 4ኛው ሶኬት ላይ የተሰካ መሣሪያ ሁሉ፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ የ4ኛውን ሶኬት አድራሻ ይይዛል። ሥራ የሌላቸው ሶኬቶች ደግሞ ይዘጉ፤ የመጣውን መሣሪያ ሁሉ በራሱ የሚቀበል ኔትወርክ ያልተጋበዘንም ሊቀበል ይችላልና።

የምጠይቀው ለፋብሪካ ባለቤቶችና ለግዥ ኮሚቴዎች ነው። በውሉ ላይ የማሽኑ ዋጋና የዋስትና ዘመን ብቻ ሰፍሮ አይቅር፤ የኔትወርኩ ንድፍ፣ የአድራሻዎቹ ዝርዝር፣ የተቆጣጣሪው ፕሮግራም ከነይለፍ ቃሉ ለፋብሪካው እንዲሰጥ ይጻፍበት። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንም ሠልጣኙ ከሞተር ጠመዝማዛና ሞተር ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ኮንታክተር ሳይወጣ እንዳይመረቅ፣ አንድ ስዊችና ሁለት መሣሪያዎች ጠረጴዛው ላይ አቅርበው ኔትወርክ እያፈረሰ እንዲገጥም ያድርጉ።

የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ደግሞ የፋብሪካው የራሱ ኤሌክትሪሺያን፣ ተካዩ ባለሙያ ቆሞ እያየ፣ አንድ ኢንቨርተር ነቅሎ በምትኩ ከካርቶን የወጣ አዲስ ይስካ። መስመሩ ያለ ላፕቶፕ ከተነሣ ርክክቡ ይፈረም፤ ካልተነሣ ተካዩ አገር ለቆ ሳይሄድ ያስተካክለው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ
አዘዞ፣ ጎንደር