ስለ አሮጌ አይፖድ ባትሪ ጥቂት ልበል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሰላምታዬ ከደሴ ይድረሳችሁ። በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ አፕል ይሠራቸው ስለነበሩት አሮጌ የሙዚቃ ማጫወቻዎች፣ ስለ አይፖዶች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። እንኳንም አነሳችሁት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ዝም ተብላ መታለፍ የለባትም። ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ሚሞሪ ካርድ የተካ ሰው የባትሪው ቆይታ እጥፍ ይሆንለታል ትላለች። ወሬው እዚህም ደርሷል። ሰዎች ይህንኑ ሰምተው ብራቸውን ያወጣሉ። ካርዱ ይገባል፤ ባትሪው ግን እንደ በፊቱ ማታ ሳይደርስ ጥርቅም ይላል። ከዚያ እኔ ጋ ይመጣሉ።

እኔ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሴት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የካሴት ገበያ ሲሞት ሱቁን አልዘጋሁም። የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ፤ ጎን ለጎን ማጫወቻ እጠግናለሁ። የሚመጣልኝ ካሴት አብዛኛው መንዙማ ነው። የሠርግ ቅጂም አለ። ቤት ውስጥ በቴፕ የተቀዳ፣ ሌላ የትም የማይገኝ የአምባሰልና የባቲ ዜማ አለ። ለሽማግሌዎቹ የምጭንላቸው አይፖድ ላይ ነው። አይፖዱን ልጆቻቸው ከጅዳ ወይ ከአሜሪካ የላኩላቸው ነው። ስልክ አይሻልም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ስልክ የቤቱ ሁሉ ነው። ልጆች ጌም ይጫወቱበታል፣ ይደወልበታል፣ ባትሪው በሌላ ጉዳይ ያልቃል። አይፖዱ ግን የአባወራው ብቻ ነው። መሃል ላይ ያለችውን ቁልፍ ዓይኑ የደከመ ሰው እንኳ በዳበሳ ያገኛታል።

የባትሪው ነገር እኛ ጋ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ መብራትና ኔትወርክ ጠፍቶ ሲከርም ብዙ ቤት ድምፅ የነበረው ባትሪ ያለው ዕቃ ብቻ ነበር። ዛሬም ገጠር ያለው ደንበኛዬ ቻርጅ የሚያደርገው በትንሽ ሶላር ወይም ገበያ ሲወጣ ነው። ለእሱ ስድስት ሰዓትና ሃያ ሰዓት በጣም ይለያያሉ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ሃርድ ዲስኩ ባትሪ ይበላል፣ እውነት ነው። ሞተር አለው፣ ይሽከረከራል። ግን ሁልጊዜ አይሽከረከርም። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣውን ቪዲዮ የሚያሳየውን አይፖድ እንውሰድ፤ እኛ ጋ በብዛት የሚመጣው እሱ ነው። 30 ጊጋባይቱ 32 ሜጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) አለው፤ 60 ጊጋባይቱ ደግሞ 64። ዲስኩ ይነሳል፣ የሚቀጥሉትን ዘፈኖች ወደ ራሙ ይጭናል፣ ከዚያ ይቆማል። ውሃ በእንስራ ቀድቶ ቤት አስቀምጦ ቀስ እያሉ እንደመጠጣት ነው። ምንጩ ጋ የሚኬደው እንስራው ሲጎድል ብቻ ነው። በ128 ኪሎቢት የተጫነ ኤምፒስሪ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ ዘፈን ሳይዘልል በተራ የሚያዳምጥ ሰው ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶለታል። ከተኛ ዲስክ ደግሞ ምን ይተርፋል?

አፕል ራሱ ለ30 ጊጋባይቱ እስከ 14 ሰዓት፣ ለ60ው እስከ 20 ሰዓት ሙዚቃ ብሎ ነበር የሸጠው። በ2007 እ.ኤ.አ. የመጣው ባለ 160 ጊጋባይቱ ክላሲክ እስከ 40 ሰዓት ተባለለት። እሱም ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበረው! ሰዓቱ የጨመረው ሰፋ ያለ ባትሪና ቆጣቢ ቺፕ ስለገባለት ነው። ዲስኩ ዋናው በላተኛ ቢሆን ኖሮ 40 ሰዓት ባልታሰበም ነበር።

ታዲያ ካርዱ ለማን ይጠቅማል? እዚህ ላይ መንዙማው ይመጣል። የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ፊት 30 ደቂቃ ነው። መንዙማው አይቆራረጥም፤ አንድ ፊት አንድ ፋይል ይሆናል። በ128 እንኳ ወደ 30 ሜጋባይት ይጠጋል። ካሴት ገልባጮች ጥራት ብለው ሳይጨመቅ በዌቭ ሲያስቀምጡት ደግሞ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ነው፤ አንዱ ፊት 300 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። ያኔ የራሙ 32 ሜጋባይት ከሦስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ዲስኩ ይነሳል፣ ይቆማል፣ ይነሳል። በጣም የሚጎዳው ያ መነሳቱ ነው፤ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ነው ብዙ የሚስበው። አፕል በድሮ የባትሪ ምክሩ ከ9 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይመከርም ያለው ለዚህ ነበር። ዘፈን ሳይጨርስ እየዘለለ የሚያዳምጥ ወጣትም ያው ነው፤ ራም ላይ የተጫነው ሳይሰማ ይጣላል። ለእነዚህ ሰዎች ካርድ በእርግጥ ሰዓት ይጨምራል። ሞተር የለም፣ የሚነሳ ነገር የለም።

በትንሽ ፋይል በተራ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ትርፉ ትንሽ ነው። ባዶ ሲሆንም አይቻለሁ። አንዳንድ ካርድ ሥራ ሲያጣ በደንብ አይተኛም። አይፖድ ደግሞ ጠፋ ሲባል እንቅልፍ ላይ ነው እንጂ አልጠፋም። ካርዱ ነቅቶ ካደረ ሌሊቱን ሙሉ ይጠባል። ለዚህ ነው ካርድ ከቀየርኩ በኋላ ለባለቤቱ ቶሎ የማልሰጠው። ሙሉ ቻርጅ አድርጌ፣ ሳላጫውት፣ ሱቅ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ባትሪው ጉልህ ከወረደ ካርዱን እቀይራለሁ። ኤስኤስዲ (ለኮምፒውተር የተሠራ፣ የማይሽከረከር ዲስክ) ካስገባሁ ይፈጥናል የሚሉም አሉ። ከኮምፒውተር ሲጫን ይፈጥን ይሆናል፤ ግን ከተራ ካርድ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። መንዙማ ለማዳመጥ አያስፈልግም።

አሁን እውነተኛው ትርፍ የት እንዳለ ልናገር። ቦታው ላይ ነው። ሃርድ ዲስኩ ሲወጣ ከጀርባው ክዳን ሥር ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ካርዱና ካርድ መያዣው ቦርድ ስስ ናቸው። በወፍራሙ ባለ 60 አካል ውስጥ ደህና ትልቅ ባትሪ ይገባል። የሚወራው ሁሉ ሰዓት የሚመጣው ከዚህ ባትሪ ነው። ካርድ ቀይሮ የድሮውን ባትሪ እዚያው መተው ግማሽ ሥራ ነው። ያ ባትሪ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሊትየም ባትሪ ደግሞ ባይነካም ያረጃል።

አከፋፈቱን ልንገራችሁ፤ ብዙ አይፖድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስስ ፕላስቲክ በጎን አስገብቼ በቀስታ ዙሪያውን አስለቅቃለሁ። ጀርባው ሲከፈት ባትሪው ክዳኑ ላይ ተጣብቆ ነው የሚገኘው፤ ከቦርዱ ጋር በአጭር ሪባን ኬብል (እንደ ጥብጣብ ስስ በሆነ ሽቦ) ተያይዟል። ክዳኑን ቦግ አድርጎ የሚከፍት ሰው ሪባኑን ከነሶኬቱ ይገነጥለዋል። ሶኬቷ ቡናማ ናት፤ መቆለፊያ አላት። መቆለፊያዋ በጥፍር ቀና ትደረጋለች፣ ከዚያ ሪባኑ ራሱ ይወጣል። መጎተት የለም። ዲስኩ ሰማያዊ ጎማ ለብሶ ተቀምጧል፤ የእሱም ሪባን እንዲሁ ነው። አሮጌውን ባትሪ ከክዳኑ ስትነቅሉ በብረት አትፈንቅሉት። ባትሪው ከተበሳ ሊቃጠል ይችላል።

የአዲሱ ባትሪ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ላዩ ላይ 3000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (የሚይዘው ኃይል መጠን) ተብሎ ተጽፎ መጠኑ ከድሮው እምብዛም የማይበልጥ ባትሪ ይመጣል። በዩኤስቢ መለኪያ ቻርጅ ሳደርገው ከጽሑፉ ግማሽ እንኳ የማይዝ አጋጥሞኛል። ሻጩ ጋ ስሄድ ሁሉም ኦሪጅናል ነው ይለኛል። ሌላው ደግሞ አዲስ ሆኖ ግን መደርደሪያ ላይ ዓመታት የተኛ ነው። እኔ ከመግዛቴ በፊት በቴስተር እለካዋለሁ። ከ3 ቮልት በታች ከወረደ አልነካውም። በደንብ የተቀመጠ ባትሪ 3.7 ወይ 3.8 ያሳያል። ካርዱም ፎርጅድ አለበት። 256 የተባለው 32 ሆኖ ይገኛል፤ ሲሞላ የድሮው ፋይል እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ ካርዱን አይፖድ ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ኮምፒውተር ላይ እስከ ጫፉ ሞልቼ መልሼ አነባለሁ። ጊዜ ይወስዳል። ግን የአንድ ቤተሰብ ብቸኛ ቅጂ ነውና ይገባዋል።

ትልቅ ባትሪ ያስገባ ሰው አንድ ነገር ይጠብቀው። መሣሪያው የሚያውቀው የድሮውን ባትሪ ስለሆነ የሚያሳየው መጠን ልክ ላይሆን ይችላል። ሊያልቅ ነው እያለ ገና ብዙ ሰዓት ይጫወታል። ቻርጁም ረዘም ይላል። ደግሞ በስሱ አካል ውስጥ ወፍራም ባትሪ በግድ አይጫን፤ ስክሪኑን ይገፋዋል፣ ባትሪውም ይጎዳል።

እንዲህ ስል ካርዱን እየነቀፍኩ እንዳይመስልባችሁ። ለወሎ ሰው ካርዱን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቴ ግን ሰዓት አይደለም። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ጫፍ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደሚሽከረከረው ሳህን ይቀርባል። አፕል የአይፖዱን የሥራ ከፍታ እስከ 3,000 ሜትር ብሎ ወስኖ ነበር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እስከዚህ ችግር የለም። ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ደጋ ከብት እየጠበቀ የሚያዳምጥ ልጅ ዲስክ ያለው አይፖድ ባይዝ ይሻለዋል። መንገዱም አለ። ሚኒባስ ኮረኮንች ላይ እየዘለለ ዲስኩ ሲነሳ ምን እንደሚፈጠር የጠገንኳቸው ይመሰክራሉ። ካርድ እነዚህን ሁለቱንም አይፈራም።

ብርዱን ግን ባትሪው ይፈራዋል። በደጋው በጉጉፍቱ ጠዋት ኪስ ውስጥ ያልነበረ አይፖድ ቶሎ ይደክማል፤ ሲሞቅ ይመለስለታል። የባቲ ሙቀት የባሰ ነው፤ እሱ ባትሪውን ለዘለቄታው ያስረጀዋል። ፀሐይ ላይ ከሶላሩ አጠገብ አስቀምጦ ቻርጅ ማድረግ ይቅር። ሽቦው ይርዘም፣ አይፖዱ ጥላ ውስጥ ይሁን።

የቀረው ጥቃቅን ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። የስክሪኑ መብራት ቶሎ እንዲጠፋ ይደረግ። ኢኳላይዘሩ (የድምፅ ማስተካከያው) ይዘጋ። ኪስ ሲገባ ከላይ ያለችው መቆለፊያ ትገፋ፤ አለበለዚያ በኪስ ውስጥ ራሱ እየበራ ይውላል። ዌቩ ኮምፒውተር ላይ ለማኅደር ይቀመጥ፤ ማጫወቻው ላይ ኤምፒስሪ ይበቃል። ካሴት ላይ የሌለ ድምፅ በዌቭ አይመጣም።

ለዓምዱ አዘጋጅ የምጠይቀው ያቺ ዓረፍተ ነገር እንድትስተካከል ነው። ካርዱ በራሱ ባትሪ አያረዝምም፤ ለትልቅ ባትሪ ቦታ ይለቃል፤ በትልልቅ ፋይል ለሚያዳምጥ ደግሞ ይቆጥባል ተብሎ ቢጻፍ ይበቃኛል። አንድ ጥያቄም አለኝ። ያበጡ አሮጌ ባትሪዎች ሱቄ ውስጥ እየተከማቹ ነው። በቆርቆሮ ዕቃ አሸዋ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ከቆሻሻ ጋር አብረው እንዲቃጠሉ አልፈልግም። በአገራችን የሊትየም ባትሪ ተረክቦ በአግባቡ የሚያስወግድ ድርጅት ካለ፣ የሚያውቅ አንባቢ በጋዜጣችሁ ቢጽፍልን እዚህ የምንጠግን ሁሉ እንልክ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
የድሮ ካሴት ሻጭ፣ የዛሬ ጠጋኝ
ደሴ፣ ወሎ