ጀማሪ ሂሳብ ሠራተኛ ለምን በዓመቱ ይለቃል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አዲስ ምሩቃን ሥራ በያዙ በዓመታቸው ሲለቁ «የዛሬ ልጅ አይረጋም» ማለት በየድርጅቱ ተለምዷል። በሂሳብ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች በዚህ አንስማማም። በእኛ ሙያ ጀማሪውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ሲቀጠር በቃል የተነገረው ሌላ፣ በወረቀት የሰፈረው ሌላ መሆኑ ነው። ይህ ደግሞ በቁጥር የሚታይ ነገር ስለሆነ በቁጥር እናስረዳ።

ምሩቁ ዩኒቨርሲቲ የከረመው በአይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች)፣ በኮስት አካውንቲንግ (የወጪ ሂሳብ)ና በኦዲት ነው። አስመጪ ወይም ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ሲገባ የሚረከበው የፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ የሚያዝ ጥሬ ገንዘብ) ሳጥንና የደረሰኝ ክምር ነው። ሥራው እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ለፔቲ ካሽ 10,000 ብር ከተመደበ፣ በየትኛውም ሰዓት ቢቆጠር ጥሬ ገንዘቡና የወጪ ማስረጃው ተደምሮ 10,000 መምጣት አለበት። የገዢው ቲን ነምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ያልገባበት የቫት ደረሰኝ ለግዢ የተከፈለውን ቫት ከሽያጩ ቫት ላይ ለማቀናነስ አያገለግልም፤ ሾፌሩ ይዞት እንደመጣ ያላየው ሰው ወር ሲዘጋ ቢያየው ሻጩን ፍለጋ መሄዱ ነው። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ጥቂት ወራት ፋይል ውስጥ ሲቆይ ሊደበዝዝ ይችላል። ዕለቱን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ከዋናው ጋር ማያያዝን የሚያህል መፍትሔ የለም፤ ይህን በክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር ግን እምብዛም ነው።

ቀጥሎ ባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ ማለትም የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማስታረቅ፣ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የተገለባበጠ አኃዝ ነው፤ 540ን 450 ብሎ መመዝገብ 90 ብር ያጎድላል። ለ2 ከተካፈለ ደግሞ የልዩነቱን ግማሽ ይዞ በዴቢት (በሂሳቡ ግራ) ፈንታ በክሬዲት (በቀኙ) የተመዘገበ ካለ መፈለግ ነው። ሙያው የሚለመደው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ብዙ ድርጅቶች ልጁን ከፔቲ ካሹ አለማንቀሳቀሳቸው ነው፤ ሳጥኑን አንዴ ያመኑት ሰው ከያዘላቸው ሌላ ማሠልጠን ድካም ይመስላቸዋል። በእኛ ግምት ለፔቲ ካሽና ለደረሰኝ ሦስት ወር ይበቃል። ከዚያ ሪኮንሲሌሽን፣ ከዚያ ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ መዝገብ)ና ወርኃዊ የግብር ማሳወቂያ፣ የበጀት ዓመቱ ሲያበቃ ደግሞ ከነባር ባለሙያ ጎን ተቀምጦ ሂሳብ መዝጋት። ዓመት ሙሉ ደረሰኝ ሲለጥፍ የከረመ ልጅ ቢለቅ ምን ይገርማል?

ትልቁ ቅሬታ ግን ደመወዝ ላይ ነው፤ ስለ ማነሱ ብቻም አይደለም። በቃል 12,000 ብር ተባብለው በፔይሮል 5,000 የሚመዘገብበት አሠራር አለ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ስሌት የ12,000 ብር ደመወዝ ግብር 2,250 ብር ነው (በ30 በመቶ አስልቶ 1,350 መቀነስ)። 7 በመቶ ጡረታው 840 ሲነሳ እጅ የሚገባው 8,910 ብር ነው። በ5,000 ከተመዘገበ ግብሩ 500፣ ጡረታው 350 ስለሚሆን፣ ቀሪው 7,000ም ከመዝገብ ውጭ ስለሚከፈለው ልጁ 11,150 ይዞ ይወጣል። የ2,240 ብር ጥቅም መሆኑ ነው፤ አሠሪው እንደ ውለታ ያቀርበዋል፣ ልጁም ደስ ብሎት ይቀበላል። አሠሪው ግን ከሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ 770 ብር በየወሩ ያተርፋል፤ ከ1,320 ወደ 550 ወርዶለታልና።

ጉዳቱ የሚወጣው በኋላ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው 5,000 ነው። ጡረታው በ5,000 ይታሰባል። ያለአግባብ ቢባረርና ክርክር ቢገጥም ማስረጃው 5,000 ይላል። የከፋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያንን ፔይሮል የሚያዘጋጀው ራሱ ጀማሪው ሂሳብ ሠራተኛ መሆኑ ነው፤ «አዘጋጅ» በሚለው መስመር ላይ ፊርማው አለ። ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ፈተና ተፈትኖ የወጣ ልጅ በሦስተኛው ወር እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ሲፈርም የሚሰማውን «ስንፍና» ብሎ መጥራት አይገባም።

ጭራሽ ያልተመዘገበም አለ። «ሙከራ ላይ ነህ» ተብሎ ለወራት ከፔይሮል ውጭ የሚከፈለው ማለታችን ነው። የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን ያነበበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማስረጃ ይጠየቅበታል። እነዚያ ወራት ማስረጃ ስለማይገኝላቸው ከልምዱ ይቀነሳሉ። ስለዚህ ጀማሪው የመጀመሪያውን ደመወዝ እንደተቀበለ ስሙ፣ ቲን ነምበሩና ትክክለኛ ደመወዙ በወሩ የግብር ማሳወቂያ ላይ መኖሩን፣ የጡረታ ምዝገባውም መፈጸሙን ይጠይቅ። መጠየቅ ያስፈራል፤ በሁለተኛው ዓመት መጠየቅ ግን ምንም አያመጣም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ይህ አሥር ሳምንት ገደማ ነው። «የስድስት ወር ሙከራ» የሚባለው የሕግ መሠረት የለውም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የትርፍ ሰዓት ክፍያም እንዲሁ ይረሳል። «ባለሙያ ትርፍ ሰዓት አይከፈለውም» ሲባል እንሰማለን፤ ጀማሪ ሂሳብ ሠራተኛ የሥራ መሪ ስላልሆነ ይከፈለዋል። ሰኔ መጨረሻ ላይ እስከ ምሽት ማምሸት ከመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ያስገኛል፣ በዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል።

ስለ ዋስ አንድ ነገር እንጨምር፤ በዚህ ጉዳይ የተጣሉ ቤተሰቦች አሉና። ገንዘብ ለሚነካ ሥራ ዋስ መጠየቅ የተለመደ ነው። ነገር ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም። አጎቱን ወይም የአባቱን ጓደኛ ዋስ የሚጠራ ልጅ ቅጹ ላይ መጠኑ መጻፉን ይመልከት፤ ቦታው ባዶ ከሆነ አያስፈርም። ዋናውን ዲግሪ «ለመያዣ» መስጠት ደግሞ በጭራሽ አይገባም፤ ኮፒው ከዋናው ጋር ተመሳክሮ ይመለስለት።

ሳጥን የሚረከብም ከቀድሞው ያዥ ጋር አብሮ ቆጥሮ፣ የብር ኖቱን ዓይነትና ብዛት ጽፎ፣ ሦስተኛ ሰው ባለበት ይፈራረም። ጉድለት ሲገኝ ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ ያም ቢሆን ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ታዲያ ያ «የጽሑፍ ስምምነት» ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ከሚፈረሙት ወረቀቶች መካከል ተቀላቅሎ ይገኛል። ሳያነቡ አለመፈረም፣ የፈረሙትን ሁሉ ኮፒ መያዝ ነው።

አሠሪዎችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በቅጥር ደብዳቤው ላይ ያልተጣራውም የተጣራውም ደመወዝ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ዓመት ሥራም በየሦስት ወሩ ምን እንደሚሆን አብሮ ይያያዝ። አንድ ገጽ ይበቃዋል። በየዓመቱ አዲስ ልጅ ቀጥሮ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር) ከማስተማር ይህ ይረክሳል።

መልቀቅ የግድ ከሆነም በወጉ ይሁን። የሙከራ ጊዜው ካለፈ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ሳጥኑ፣ ቼክ መጽሐፉና የሲስተም የይለፍ ቃሉ በሰነድ ይመለሳሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ በነፃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ልጁ ደብዳቤውን ሲቀበል የተቀጠረበት ቀን፣ የሥራ መደቡና ደመወዙ ከፔይሮሉ ጋር መግጠማቸውን እዚያው ቆሞ ይይ፤ ሄዶ ከተመለሰ የሚያስተካክልለት ሰው ለማግኘት ወራት ሊወስድበት ይችላል።

በአዲስ አበባ በሂሳብና በፔይሮል ሥራ ላይ የምንገኝ ባለሙያዎች