ሼፕፋይል ሰዓት ይበላል

ሰላም አባላት፣

ከመስክ የመጣ ዳታ ወደ ሼፕፋይል (የካርታ ዳታ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ኤክስፖርት ስታደርጉ የሰዓቱን ነገር አደራ። ሼፕፋይል ሠንጠረዡን የሚያስቀምጠው በድሮው የዲቤዝ ፎርማት ነው። የዲቤዝ የቀን ፊልድ (የሠንጠረዡ ዓምድ) ደግሞ የሚይዘው 8 አሃዝ ብቻ ነው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ስለዚህ 2024-03-14 09:42:10 ተብሎ የተመዘገበ ነጥብ 2024-03-14 ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰዓቱ ከዚያ ፋይል ተመልሶ አይገኝም።

የምትችሉ በሼፕፋይል ፈንታ ጂኦፓኬጅ የተባለውን የካርታ ዳታ ፋይል ተጠቀሙ። ቀንና ሰዓቱን አብሮ ይይዛል፤ የካርታ ሶፍትዌሮቹ ኪውጂአይኤስም አርክጂአይኤስ ፕሮም ይከፍቱታል። ተቀባዩ «ሼፕፋይል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» ካለ (እንዲህ ያለ ሰው መቼም አይጠፋም) ከኤክስፖርቱ በፊት አንድ የጽሑፍ ፊልድ ጨምሩና ቀኑን ከነሰዓቱ እዚያ ገልብጡ። ስፋቱ 20 ይበቃል። የፊልዱ ስም በላቲን ፊደል ሆኖ ከ10 ፊደል አይብለጥ፣ ያለዚያ ይቆረጣል።

የኢንተርኔቱ አርክጂአይኤስ ኦንላይን ሰዓት የሚያስቀምጠው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው። ያወረዳችሁት ሲኤስቪ (የሠንጠረዥ ፋይል) ላይ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ካያችሁት አትደንግጡ፤ የአዲስ አበባ ልዩነት ነው።

ቅጹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተሞላ ግን ጳጉሜን የቀን ፊልድ ውስጥ ለማስገባት አትልፉ። 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። እሱን በጽሑፍ ያዙት፣ የፈረንጁን ቀን ለብቻ።