ጄምስ ወንድሙ ነው እንጂ ልጁ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት ስለ እንግሊዙ ዳግማዊ ቻርልስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጃን ተከል ዋርካ ሥር ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። አስጎብኚ ነኝ፣ የነገሥታት ወሬ እንጀራዬ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን «ልጁ ጄምስ ነገሠ» ብላችሁ ዘጋችሁት። ስኒዬን አስቀመጥኩ። ጄምስ እኮ ወንድሙ ነው! ስህተቷ ትንሽ ትመስላለች፣ የሰውዬው የንግሥና ጣጣ ግን አብዛኛው ያለው እዚህችው ላይ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍ። የቻርልስን አባት በ1649 አንገቱን ቆረጡት። ቻርልስ በ1651 ዉስተር ከተማ ላይ በፓርላማው የጦር መሪ በክሮምዌል ተሸነፈና ወታደሮች ጫካውን ሲያስሱ ቀኑን ሙሉ ኦክ ዛፍ ላይ ተደብቆ ዋለ፣ ከዚያ ስደት ወጣ። ክሮምዌል ሞቶ አገሩ ሲታመስ እንግሊዞቹ ራሳቸው ጠሩትና ሜይ 29 ቀን 1660 ለንደን ገባ፣ 30 ዓመት የሞላውም የዚያኑ ዕለት ነው። ያኔ እዚህ ጎንደር ዙፋኑ ላይ ያሉት አፄ ፋሲል ናቸው። ወረርሽኙንና የለንደንን ቃጠሎ ጽፋችኋል፣ ልለፈው።

በ1662 የፖርቹጋሏን ካትሪን አገባ። ከወገኗ የሞሮኮዋን ታንጀርንና የህንዷን ቦምቤይን ይዛ መጣች፣ ልጅ ግን አልሆነላቸውም። ከሌሎች ሴቶች ደርዘን ያህል ልጆች አሉት፤ ዲቃላ ግን ዙፋን አይወርስም። ስለዚህ ወራሹ ጄምስ ሆነ፣ ጄምስ ደግሞ ካቶሊክ ሆኗል። በፕሮቴስታንት አገር! ከ1679 እስከ 1681 ጄምስን ከውርሱ የሚያስወጣ ሕግ በፓርላማ ሲገፋ ቻርልስ ፓርላማውን በተነው፣ እንደገና ተመረጡ፣ እንደገና በተነው፣ በመጨረሻ ያለ ፓርላማ ገዛ። ከዲቃላዎቹ በኩሩ የሞንመዝ መስፍን በጄምስ ፋንታ እንዲነግሥ የሚፈልግ ሰው ሞልቶ ነበር። ቻርልስ «እናቱን በሕግ አግብቻት ነበር» ብሎ ቢዋሽ ስንቱ በተቀበለው። እሱ ግን በአደባባይ አላገባኋትም አለ። ጨዋታና ሴት ወዳድ ነው እያሉ የሚያጣጥሉት ሰዎች ይህን ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም።

ለጎንደር ሰው ደግሞ ይህ ነገር ባዕድ አይደለም። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው፣ ስንት ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ጄምስ እንዲህ ያለ ልብ አልነበረውም። በ1685 ነገሠ፣ ያመፀበትን ሞንመዝን ሴጅሙር ላይ አሸንፎ አንገቱን አስቆረጠው፣ በ1688 ግን የእህቱ ልጅም አማቹም የሆነው ዊልያም ከሆላንድ ጦር ይዞ ሲመጣበት ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። አራት ዓመት እንኳ አልሞላም።

በቀደም አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ሳስጎበኝ፣ የኛ ነገሥታት ወራሽ እንዳይሻማ መሳፍንቱን ወህኒ አምባ ላይ ያስቀምጧቸው እንደነበር ስነግራቸው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ሞንመዝስ?» አልኳቸው። ሳቁና ዝም አሉ።

ሌላም የዘለላችሁት አለ። ቻርልስ በፌብሩዋሪ 1685 ሊሞት ሲል እሱም ካቶሊክ ሆነ። ቄሱን በስውር በጓሮ ደረጃ አስገቡለት፤ ቄሱ ሀድልስተን ይባላሉ፣ ከዉስተር ሲሸሽ ከረዱት ሰዎች አንዱ ናቸው። ከ33 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር እያለ የጽሑፋችሁን ቦታ ለዘውዱ የዕንቁ ብዛት መስጠት ምን ይባላል?

ለማንኛውም በሚቀጥለው እትም አርሙልን። እዚህ አዲስ የገቡ ልጆች ከጋዜጣ ያነበቡትን እንዳለ ለቱሪስት ይደግማሉ፣ ትናንት አንዱ «ልጁ ጄምስ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር