አሮጌውን ዘይት የት ላድርሰው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሰሞን በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ ግቢያቸው ውስጥ መኪና የሚፈታቱ ጎረቤቶች እንዳስመረሯቸው ገልጸው ነበር። ጋራዥ ሞልቶ ሳለ ሰፈር ለምን በዘይት ይጨቀያል፣ ይከልከሉልን ነው የሚሉት። ከሚፈታቱት አንዷ እኔ ነኝ። ጉለሌ ነው የምኖረው። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ሃምሳ ልደፍን ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የአባቴን ቱታ ለብሼ ቮልስ ሥር እተኛለሁ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል፣ ባለ 1300። እሱ ካረፈ በኋላ አምስት ዓመት ሸራ ለብሳ ቆመች። ልሸጣት ብል የመጣው ሁሉ ዙሪያዋን ይዞርና "ሞተሯ አልቋል" ብሎ ይሄዳል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ስሙ ይቅር። ሦስት ሳምንት አቆይተው "ካርቡራተሩን በአዲስ ቀይረናል" አሉኝና ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ከፍቼ ሳየው ያው የአባቴ ነው። በምስማር የጫረበት ምልክት እንኳ አልጠፋም። ታጥቧል፣ ይህን አልክድም። ቁልፍ የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው።

የቮልስ ሞተር ለጀማሪ አይከፋም። ውኃ የለው፣ ራዲያተር የለው፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ከካምቢዮው ጋር በአራት ቦታ ብቻ ታስሯል፤ ባለ 17 ቁጥር ቁልፍ ካለ ይፈታል። ከላይኞቹ አንዱ ግን በዓይን አይታይም። እጅን ከማራገቢያው ጀርባ ሰዶ በዳበሳ ነው። ለእሱ ብቻ አንድ ቅዳሜ ከነጥፍሬ ሄዷል። ሞተሩ ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ከእህቴ ልጅ ጋር በክሪክ ቀስ እያልን አውርደን አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ላይ አሳረፍነው። እናቴ በረንዳው ላይ ቡና እየቆላች ታየናለች። "አባትሽ እንኳ እዚህ አልደረሰም" አለች። አድንቃኝ ይሁን ታዝባኝ እስካሁን አልለየሁም።

ቴስታታው፣ ማለት ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ክዳን፣ ሲወርድ ጉዱ ታየ። የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ዳር ዳሩ ተቃጥሏል። የድሮ ቮልስ የያዘ ሰው ይህ አይገርመውም። የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ስለሚጋርድበት 3ኛው ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። በዚያ ላይ በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ለዓመታት ሳይታይ ጠቦ፣ ቫልቩ በደንብ እንዳይዘጋ አድርጎት ኖሯል። ቫልቭ በደንብ ካልገጠመ ሙቀቱን ለቴስታታው ማስረከብ አይችልም፤ ራሱን ይበላል። መኪናዋ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ስትመረት ስለቆየች ዕቃዋ ጨርሶ አልጠፋም። ቫልቩንና የፒስተኑን ፋሻ ሶማሌ ተራ አገኘሁ። ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ሰጠሁ። ቫልቮቹን የሚገፉትን 8 ዘንጎች በእንቁላል ካርቶን ላይ ሰክቼ በየተራቸው ቁጥር ጻፍኩባቸው፤ የሒሳብ ሠራተኛ አይደለሁ? ከዚያ አንድ እሁድ ማለዳ፣ ሞተሩ በረዶ እንደሆነ፣ የሁሉንም ቫልቮች ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከልኩ። ተነሳች። እንጦጦን ወጥታ ያለ ጭስ ተመለሰች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እነዚያ ዘንጎች የሚያልፉባቸው ቱቦዎች ጫፍና ጫፋቸው ላይ ጎሚኒ አላቸው፤ በጠቅላላው 16። አሮጌዎቹ ደህና ይመስላሉ ብዬ እነሱኑ መለስኳቸው። ስስት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ሰነበተ። የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ጠርጎ በበራችን ሥር አሾለከው። ከታች ያሉት እትዬ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡና "ልጄ፣ ጎመኔ ላይ ቀስተ ደመና ወጣ" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሞተሩን እንደገና አውርጄ 16ቱንም ቀየርኩ። ጎመኑን ግን መመለስ አልቻልኩም።

ስለዚህ ጸሐፊው ስለ ዘይቱ እውነት አላቸው። እኛ ሰፈር የፈሰሰ ነገር በቦይ ወንዝ ይገባል፤ ወንዙ አቃቂ ይደርሳል፤ አቃቂ ዳር የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ገበታችን ላይ ይቀርባል። የማልስማማው "ይከልከሉልን" በሚለው ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያሉት እያረጁ መጠገናቸው አይቀርም፤ ጋራዥ ሁሉም ሰው አይችልም። ብንከለከል በራችንን ዘግተን በማታ እንፈታለን። ዘይቱ ያን ጊዜም ቦይ ነው የሚገባው።

የእኔ ቮልስ በአንድ ቅያሪ 2 ሊትር ተኩል ትጠጣለች። የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ትንሽ የሽቦ ወንፊት ብቻ ናት ያላት፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ነው። አሮጌውን በጀሪካን አጠራቅማለሁ። አንድ ጋራዥ ልስጣችሁ ብላቸው "ቦይ ውስጥ ድፊው" ብለው ሳቁብኝ። አንድ አናጢ ምሰሶ ከምስጥ መከላከያ ብሎ ጥቂት ወሰደ፤ እሱም ዞሮ ዞሮ አፈር ውስጥ ነው። አዲሱን ዘይት የሚሸጥልኝ ማደያ ደግሞ አሮጌውን ሳሳየው እጁን አወዛወዘ። ለመሆኑ የሸጠውን ለምን አይቀበለኝም? በየማደያው ጥግ አንድ ክዳን ያለው በርሜል ቢቆም፣ የሞላው በመኪና ተጭኖ ቢነሳ፣ የሚመለከተው አካል ይህን ለማዘዝ ምን ይቸግረዋል? እኔ በበኩሌ እስከዚያው ድረስ ጠብታ አላፈስም። ከ11 ሰዓት በኋላም መዶሻ አላነሳም፤ ጸሐፊው ጎረቤቴ ከሆኑ ይስሙልኝ።

ባለ 5 ሊትር ሦስት ጀሪካኖች ደረጃው ሥር ተደርድረዋል። እናቴ ቦታውን ለሽንኩርት ትፈልገዋለች። እስከ መስቀል ታግሳኛለች።

ስሜ ይቆይልኝ
ከጉለሌ